አምባሰል ላይ የታሰረው እጄ

እጮኛዬ እሑድ እሑድ ከደሴና ከሐይቅ ወጣቶችን እየሰበሰበ ተራራ የሚያስወጣ ሰው ነበር። ኪሱ የበዛ ሱሪ ይለብሳል፤ ወገቡ ላይ ሰንጢ ያንጠለጥላል፤ ሲናገር ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማዋል። እኔም ከሚሰሙት አንዷ ነበርኩ። ሐይቅ ከተማ አስተምራለሁ። ኒካሃችን ከአዝመራው በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ቀለበቱን በግራ እጄ አጥልቄያለሁ።

የዚያን እሑድ መኪናው ከውጫሌ ወጣ ብሎ አወረደንና ወደ አምባሰል ገደሎች የሚያወጣውን ቀጭን መንገድ ያዝን። ፀሐዩ ከሯል። አንድ ዳገት ላይ ለመውጣት ድንጋይ ስጨብጥ የግራ እጄን ጀርባ አንዳች ነገር ወጋኝ። እሾህ መስሎኝ ነበር። እጄን ስስብ ግን አጭር፣ ወፍራም፣ አፈር የመሰለ እፉኝት ከድንጋዩ ሥር ሲንፏቀቅ አየሁት።

እጮኛዬ እየሮጠ መጣ። የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ከክርኔ በታች ጠምጥሞ፣ በእንጨት እያዞረ አጠበቀው። ከዚያ ሰንጢውን አውጥቶ የተነከስኩበትን ቦታ ተለተለው። ስጮህ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኝ ጀመር።

«አብሽሪ፣» ይለኛል እጮኛዬ እያጠበቀው። «አብሽሪ፣ መርዙን ዘግቼበታለሁ።»

አብራን የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ደሴ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ወፈር ስለምትልና ዳገት ላይ ስለምታለከልክ እጮኛዬ መንገዱን ሙሉ «ጭነታችን» እያለ ሲያስቅባት ነው የዋለው። ያን ጊዜም ከኋላ ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው? ፍታው፣» አለችው ትንፋሿ ሳይመለስ። «አይታሰርም፣ አይበጣም። ቀለበቷን አሁኑኑ አውልቁላት፣ እጇ ሊያብጥ ነው። እጇን ሳታንቀሳቅስ ተሸክመን እናውርዳት።»

«የእኔን ቀለበት አንቺ ነሽ የምታስወልቂያት?» አላት። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጫፉ ቅርብ ነው፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ሳናየው አንመለስም ተባለ። መርዙ ታስሯል ብሎ እጮኛዬም ተስማማ። ግራር ሥር አስቀመጡኝና ወጡ። አብራኝ የቀረችው «ጭነታችን» ብቻ ናት።

ከዓይናችን እንደተሰወሩ ማሰሪያውን ፈታችው። ሻርፗን አንገቴ ላይ አንጠልጥላ እጄን አሳረፈችው። ቀለበቱን ለማውለቅ በምራቅም በቅባትም ሞከረች፤ ጣቴ ግን አብጦ ውጦታል። የመኪናው ሾፌር ጋ ስትደውል ስልኩ አይሠራም። «ተኝተሽ ቆዪ፣ አትንቀሳቀሺ፣ ሰው ልጥራ» ብላ ቁልቁል ወረደች። ሁለት ገበሬዎችና አንድ ቃሬዛ ይዛ እስክትመለስ ግን እነሱ ከጫፉ ቀድመዋት ደረሱ።

እጮኛዬ የተፈታውን ማሰሪያ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «መርዙን ልብሽ ውስጥ ለቀቀችው፣» አለኝ። መልሶ ከበፊቱ አጥብቆ አሰረኝ። «እባክህ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም» አልኩት። «ባይሰሙሽ ይሻላል» አለኝ። ገበሬዎቹ ቃሬዛውን ሲያወርዱ አይቶ «በእግሯ ትሂድ፣ ደሟ ይፍታታ» ብሎ አስነሣኝ። ትንሽ ሄጄ ወደቅኩ። ተሸክመው ያወረዱኝ ያኔ ነው። መንገድ ላይ ሁሉ ሽማግሌው ገበሬ ቀስ ብለው ዱዓ ያደርጋሉ።

ውጫሌ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የጤና ባለሙያዋ ክንዴን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው ስሜን አልነበረም።

«ይኼን ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣» አለ እጮኛዬ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

አምቡላንስ ጠራችልኝ።

ደሴ ላይ ማርከሻውን ወጉኝ፤ ቀለበቱን በመቁረጫ ቆረጡት። ነፍሴ ተረፈች። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ግን ጠቁረው ደረቁ፤ ሌላው እንዲተርፍ ተቆረጡ። ሐኪሙ መርዙም ማሰሪያውም እንደጎዱኝ ነገረኝ፤ የቱ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም አለ። እጮኛዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ የቆመው አልጋው ግርጌ ነው፤ እጄን አላየውም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሽማግሌዎች ላከ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ተቀበላቸው፤ እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ልጁ አልጠላም፣» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «እናቱ ናት። ቤቴ የምትገባ ሴት ሙሉ ትሁንልኝ አለች። ሊጥ የምታቦካ እጅ ነው የሚያስፈልገኝ አለች።»

አባቴ «እጇን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?» አለ።

«ቀደር ነው እንጂ፣ የአላህ ውሳኔ።»

«ቀደሩንማ ተቀብለነዋል። እኔ የጠየቅኋችሁ ማሰሪያውን ያሰረው ማን ነው ብዬ ነው።»

ታናሹ ሽማግሌ ወሬ ቀይሮ ልጁ ቀለበቱን ይመልሱልኝ እንዳለ ተናገረ። አባቴ የተቆረጠውን ቀለበት በጨርቅ እንደተቋጠረ አምጥቶ እጁ ላይ ጣለለት።

ተራራው ላይ የተቀረጸው ቪዲዮ ወደ ሥራ ስመለስ ደርሶ ጠበቀኝ። ዘፈን ገብቶበታል፤ ሥሩ ሰው «እሱ ባይኖር ሞታ ነበር» ብሎ ጽፏል። ተማሪዎቼ አይተውታል። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ አንዱ እንደኔ አድርጎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጽሑፌን ጨረስኩና ዞርኩ። መጽሐፉን ከፍቼ ትምህርቱን ቀጠልኩ።

ባለፈው ገበያ ውዬ ስመለስ እጮኛዬ የነበረውን ሐይቁ ዳር አገኘሁት። አዲስ ጓዶቹን ሰብስቦ፣ የአንዱን ክንድ በገመድ እያሰረ ያሳያቸዋል። ቀርቤ «ይኼንን አታስተምራቸው» አልኩት።

አልደነገጠም። ወደ እነሱ ዞረና «ይኸው፣ የነገርኳችሁ ልጅ እሷ ናት» አላቸው። «እፉኝት ነድፏት በሕይወት ቆማለች።»

አጨበጨቡለት። እኔንም አንዲት ልጅ አቀፈችኝና «አልሐምዱሊላህ፣ እድለኛ ነሽ» አለችኝ። ዘንቢሌን አንሥቼ ሄድኩ።