የአቶ ወልደየስ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ለእንደራሴነት የሚወዳደር የአንድ ሰው ደጋፊ ቂርቆስ ወዳለው ቤቴ መጣ። ትሑት ጎልማሳ ነው። ያቀረብሁለትን ቆሎ እየቆረጠመ፣ «እሳቸው ከተመረጡ እርስዎ ምንም አያስቡ፤ ስለ ሁላችን እሳቸው ይፈርሙልናል» አለኝ። ጮኽሁበት። ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ቆሎውን በመዳፉ እንደያዘ ቀረ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት፤ ንዴቴ ግን አብሮት አልወጣም። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ እዚሁ አለ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው በኩል አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይቼ የጎረቤት ልጆችን ፊደል አስቆጥር ነበር። እሑድ ከሰዓት ደግሞ አባቶቻቸውን እሰበስባለሁ። ግድግዳው ላይ በከሰል ሦስት ክቦች እሥላለሁ፤ ትንሹ ሰፈር፣ መካከለኛው ከተማ፣ ትልቁ አገር። የሰፈር ተመራጭ ስለ ምንጩና ስለ መተላለፊያው፣ የከተማው ስለ ገበያውና ስለ መንገዱ ይነጋገራል፤ የአገሩ ሕግ ያወጣል፤ ሦስቱም ግን የላካቸውን ሰው ቃል ይዘው ይሄዳሉ እያልሁ አስረዳለሁ። በጠላት እጅ ያለ አገር ማንን ለምን እንደሚመርጥ አላሰብሁም። ማስረዳት ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ከጣሊያኑ ሹም ትእዛዝ መጣ፤ ሰፈርተኛው በፈቃዱ አንድ ተጠሪ ይምረጥ ተባለ። ጠላትም ቢሆን ምርጫን አወቀ ብዬ በየቤቱ እየዞርሁ ሰበክሁ።

የሁሉም ዓይን የእድራችን ዳኛ በነበሩት በአቶ ወልደየስ ላይ ነበር። ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም።

«መምህር፣» አሉኝ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ፣ «የምመረጠው ለእናንተ ነው ወይስ ለእነሱ?»

«ለእኛ ነዋ!»

«ጣሊያኑም እንዲህ ብሏል?»

«የምርጫ ትርጉሙ ይኸው ነው፣ አቶ ወልደየስ።»

«እንግዲህ አንተ ካልህ።»

በእድራችን ልማድ ሰው ሲመረጥ እጅ አይወጣም፤ ከመረጡት ሰው ኋላ ሄዶ መቆም ነው። በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁላችንም ከእሳቸው ኋላ ቆምን። እማማ ስንዱ የተባሉ ባልቴት፣ «እኔስ የመረጥኋቸው ጀርባቸው ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ከፀሐይ ያስጠልላል» ብለው አሳቁን።

በሳምንቱ አቶ ወልደየስን አስጠሯቸው፤ እንዳነብላቸው አብሬ ሄድሁ። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር። ነዋሪው ወዶና ፈቅዶ ቤቱን ለጣሊያን ሠራተኞች መኖሪያ መሥሪያ ይለቃል ይላል።

አስተርጓሚው፣ «ሕዝቡ መርጦሃል። አንተ ከፈረምህ ሁሉም ፈረመ ማለት ነው» አላቸው።

«የእድሩን ድስት እንኳ ማኅበሩን ሳልጠይቅ አላውስም» አሉ አቶ ወልደየስ። «የሰው ቤት እንዴት አድርጌ እሰጣለሁ?»

ሹሙ ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ሦስት ቀን ሰጣቸው። ማኅበሩ ተሰብስቦ አንድም ሰው እሺ አላለም። አቶ ወልደየስ የነጭ ጋቢያቸውን ጫፍ አስተካክለው ያንን ቃል ይዘው ተመለሱ። «አይሆንም ብለዋል» አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። ሁለት ወታደሮች ክንዳቸውን ጠመዘዙ፤ ሦስተኛው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። እኔን ገፍትረው አስወጡኝ፤ እሳቸውን ወህኒ ወሰዷቸው።

ወረቀቱ በማግስቱ አደባባይ ተለጠፈ። ቤቶቹ ሲፈርሱ ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ላንቻና ወደ ለገሃር ወረደ፤ በየመንገዱም «ወልደየስ ሸጠን» ይል ነበር። እኔ ያየሁትን አውቃለሁ፤ ግን ያዩትን የሚያወሩ ሰዎች ሲታሰሩ ስለነበር ዝም አልሁ።

ከፋሲካ በኋላ አቶ ወልደየስ ሲፈቱ የተበተነውን እድር ራሳቸው አስጠሩ። ከስተዋል፤ ጀርባቸው ጎብጧል። «የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ወይ አውርዱኝ፣ ወይ አቁሙኝ» አሉ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ።

እማማ ስንዱ አፈጠጡብኝ። «አንተ አስተማሪ! ስድስት ወር ሙሉ አፍህን ማን ሰፋው?»

መልሴንም አልጠበቁም። እሳቸው ሄደው ከአቶ ወልደየስ ኋላ ቆሙ፤ እኔም ተከተልሁ። ግማሹ ሰው ተከተለን። ግማሹ ግን የቤቱ መፍረስ ከልቡ አልወጣለትምና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አቶ ወልደየስ የሄዱትን እየቆጠሩ ሳይሆን የእያንዳንዳቸውን ስም በከንፈራቸው እየጠሩ ሲሸኙ አየሁ። በዚያው ቀን ዳኝነቱን ለቀቁ። ነጻነት ከመምጣቱ በፊትም አረፉ።

ዛሬ ምርጫው የራሳችን ነው፤ አስገድዶ ጣት የሚያስነክርም የለም። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ፤ ያ ጎልማሳ ወታደሮች በጉልበት የወሰዱትን ነገር እንደ ውለታ አድርጎ፣ በፈገግታ አቀረበልኝ። የፊታችን እሑድ ተወዳዳሪው ሰፈራችን መጥቶ ይናገራል አሉ። ከፊት ረድፍ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ «ከላይ ወረቀት ሲሰጡህ፣ ከመፈረምህ በፊት ወደ እኛ ትመለሳለህ?» ጉባኤው ቢያጉረመርምብኝም፣ መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም።