ሜሞሪው ላይ የቀባሁት ቅቤ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደሴ ወዳለችው የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቄ ቀይ የብረት ልብስ የለበሰ ሜሞሪ ይዞ መጣ። «ፍጥነቱን ከፍ ሳደርገው እንዳይግል ነው ብረቱ» ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ የማላውቅ መስሎታል። እጄ ላይ ሳገላብጠው ድንገት የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ይህ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ብቻዬን ብሆንም እሸማቀቃለሁ፤ ምክንያቱን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ መካነ ሰላም ውስጥ ከትምህርት መልስ የምውለው እትዬ ዘውዴ ዘንድ ነበር። እትዬ ዘውዴ ጎረቤታችን ናቸው። ለፋሲካ እኛ እሳቸው ቤት፣ ለአረፋ እሳቸው እኛ ቤት ነን። ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት በአንዲት ጠባብ ክፍል ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ ታይፕ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ኮምፒዩተር ነች። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ ሰፊ ሳጥን፣ በላዩ ላይ ያ ሆዳም ስክሪን። በገበያ ቀን ባለጉዳይ እስከ መንገዱ ይሰለፋል፤ ኮምፒዩተሯ ደግሞ አንድ ገጽ ለመክፈት እንደ ሰነፍ በቅሎ ቆማ ታስባለች። እትዬ ዘውዴ «ነይ እንጂ አንቺ!» እያሉ ጎኗን በመዳፋቸው ይመቷት ነበር።

በዚያ ክረምት የአጎቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣና አፌን አስከፈተኝ። ከተማ ውስጥ ኮምፒዩተርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጡ ልጆች አሉ አለ። ሲበራ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው፤ ግን ሜሞሪው ስለሚግል ግራና ቀኙን ስስ ብረት ያለብሱታል፤ በብረቱና በሜሞሪው መሐል ሙቀት የሚያወጣ ነገር ይቀባል። ምን እንደሚቀባ ስጠይቀው «አንድ ነጭ ነገር ነው» ብሎ አለፈው። እሱም አያውቀውም ነበር። እኔ ግን የነገረኝን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። እትዬ ዘውዴ አንድ ቀን መጥተው ኮምፒዩተሯ እንደ ፈረስ ስትጋልብላቸው፣ «ማን ሠራት?» ሲሉኝ እያየሁ አድር ጀመር።

በየገበያው ቀን ከከላላ መንገድ ቅቤ ይዘው የሚመጡ እማማ ፋጤ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የመሬት ድንበር ክርክር ስላለባቸው ቅቤያቸውን ሸጠው እስኪጨርሱም፣ ቀጠሯቸው እስኪደርስም የሚቀመጡት እኛ ዘንድ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ስጽፍ ግን አጠገቤ ሆነው ጣቶቼን እያዩ «ማሻአላህ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ጠረጴዛው ላይ ስደፋ አዩኝና ከቅላቸው ቅቤ ቆንጥረው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። «ትምርት የበዛበት አናት ይግላል። ቅቤ ነው የሚያበርደው፣ አብሽሪ» አሉኝ። የተረፈውንም በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ወላሂ፣ እውነትም በረደልኝ።

እንግዲህ የኔ ሳይንስ ከዚህ ተነሳ። የሰውን አናት የሚያበርድ ቅቤ የኮምፒዩተርን አናት እንዴት አያበርድም? ሰው በቀትር ጋቢ በሚደርብበት ደጋ ላይ ተቀምጬ ስለ ማቀዝቀዝ መጨነቄ ራሱ የሚያስቅ ነው፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም። በገበያው ዋዜማ እትዬ ዘውዴ ምሳ ሲሄዱ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከተጣለ የአሉሚኒየም ትሪ ሁለት ቁራጭ ቆርጫለሁ። እማማ ፋጤ የሰጡኝን ቅቤ ሜሞሪው ላይ ቀባሁ፣ ብረቱን ግራና ቀኝ ለጠፍኩ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በቆረጥኩት ጎማ አሰርኩት። ከዚያ ቁጥሩን ከፍ አደረግኩ። ኮምፒዩተሯ ተነሳች። ፈጥና ነበር፣ ወይም ለኔ የፈጠነች መስሎኛል።

በማግስቱ ገበያው ሞልቷል። እማማ ፋጤ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ቅላቸውን ፀሐይ እንዳያገኘው ሳጥኑ ላይ፣ ከስክሪኑ ጎን አስቀምጠው ለዙሁር ሶላት ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ቅቤ ሸተተኝ። መጀመሪያ ከቅሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሽታው የተቃጠለ ሆነ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። እትዬ ዘውዴ መብራት ጠፋ ብለው ጎረቤት ሊጠይቁ ሲወጡ፣ እኔ ስክሪኑንና ቅሉን ወደ ጎን አድርጌ ሳጥኑን ከፈትኩ። ቅቤው ቀልጦ ወርዷል፣ ብረቱ ተንሸራቶ ቦርዱ ላይ ተጋድሟል። ሁለቱን ብረቶችና ጎማውን መንጭቄ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩ። ቅቤውን ለመጥረግ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

እትዬ ዘውዴ ተመልሰው የተከፈተውን ሳጥን አዩ፣ ቅቤውን አዩ፣ ቀጥሎ ቅሉን አዩ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገኝም፤ ቅሉ ተናገረልኝ። እማማ ፋጤ ሲመለሱ እትዬ ዘውዴ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ «እማማ፣ ቅቤዎ ፈሶ እኮ እንጀራዬን አጠፋብኝ» አሉ። አሮጊቷ ቅሉን አንስተው ቂጡን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነበር። መዳፋቸውን ለአፍታ አዩት፤ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ግን ጎንበስ ብለው «አፉ በይኝ ልጄ። የገጠር ሰው ምን አውቃለሁ» አሉ። እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ እንደያዝኩ ሲያዩም ወደኔ ዞረው፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አንቺን የሚቆጣሽ የለም» አሉኝ። የሳቸው ቅቤ ሽታ ገና ከአናቴ አልለቀቀም ነበር።

ኮምፒዩተሯ አልዳነችም። እትዬ ዘውዴ አሮጌውን ታይፕራይተር አራግፈው በዚያው ቀጠሉ። ደግ ሰው ስለሆኑ በሚቀጥለው ገበያ እማማ ፋጤን «ይግቡ እንጂ» ብለው ጠርተዋቸው ነበር። ዝናብ እየዘነበ ነበር። እማማ ፋጤ ግን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው «አይ፣ ይሁን። እኔ ዕቃ አበላሻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያችን ደጃፍ ተሻግረው አላየሁም። ከፍርድ ቤቱ ርቀው ስለሚጠለሉ ጉዳያቸው ሲጠራም አንዳንዴ ሳይሰሙ እያለፋቸው በሌላ ቀን ይመለሱ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። የኔው ዝምታ ግን ያን ዝናብ እያየሁ ነቀዘ።

አምና ለአረፋ አገሬ ገባሁ። እማማ ፋጤ በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። በመንገድ ላይ የምናገረውን ደጋግሜ ተለማምጄ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ያበላሸሁባችሁ መሣሪያ፣ ኋላ ዳነ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ይዘውት ኖረዋል። አፌን ከፈትኩ። ልጆቻቸው ዙሪያችንን ተቀምጠዋል፣ ሁሉም በአክብሮት ያዩኛል፤ ከደሴ የመጣች፣ የተማረች።

«ድኗል እማማ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። አምና ግን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።