ፈቃድ ሰጪዋ ፈቃድ ስትወጣ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወለተ ኪዳንን የማይፈራ ፕሮግራመር አልነበረም። ለነገሩ ያኔ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የከተማው ፕሮግራመሮች በሙሉ ተጠቅጥቀው ሁለት ባጃጅ ቢሞሉ ነው። እሷ የምትሠራበት ትንሽ የግል ድርጅት ለገጠር ከተሞች የውሃ ሂሳብ የሚያሰላ ሶፍትዌር ይሠራል። የደንበኞቹ መረጃ የተቀመጠበት ዳታቤዝ በእሷ እጅ ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ፕሮግራመር መረጃውን ማየት የሚችለው እሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ቶሎ አትፈቅድም።

ክፉ ሆና አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራመር ገና በመጣ በሳምንቱ የይጁቤን ደንበኞች ጠራርጎ አጥፍቶ፣ ከተማው አንድ ወር ሙሉ ውሃ በነጻ ጠጥቷል። ይጁቤዎች ሊመርቁት ፈልገው ነበር አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገዳሙ ግን አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ወለተ ኪዳን አዲስ ሰው ስታይ ሰላምታዋ «አንተ ደግሞ የማንን ከተማ ልታጠፋ መጣህ?» ሆነ።

ኪዳነ ማርያም የሚባለው ተመራቂ ሲቀጠርም የጠበቀው ይኸው ነበር። ፈቃዱን ሲጠባበቅ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ሲጫወት ሰነበተ። በስብሰባ ላይ አቶ ገዳሙ «እስካሁን አንድም ስህተት ያልሠራ ሠራተኛ» ብለው አስጨበጨቡለት።

በጥር ወለተ ኪዳን የእህቷን ልጅ ልትድር የዓመት ፈቃድ ወጥታ ከባሏ ጋር መርጡለ ማርያም ሄደች። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ ሌሎች ፕሮግራመሮች ቀጠረ። ኪዳነ ማርያም ደወለ። ዳሱ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ወለተ ኪዳን ጥልፍ ቀሚሷን ሰብስባ የፍልጥ ክምር ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ አቶ ገዳሙ ዛሬውኑ ይከፈትላቸው ብለዋል። ፓስወርዱን ይንገሩኝ።»

«ዲ፣ አይ፣ ኤን...»

«አልተሰማኝም!»

«ዲ! አይ!»

«ከበሮው ነው መሰል፣ ምን አሉኝ?»

«ድንቡሼ!» ብላ ጮኸች። «ድንቡሼ ነው የምልህ!»

ከበሮው በዚያች ቅጽበት ቆመ። ሠርገኛው፣ ቄሶቹ ሳይቀሩ፣ «አቤት» ወዳለው ባሏ ዞረ። ባሏ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው ነው፤ ፓስወርድ ያደረገችውን ይህን የቁልምጫ ስም ያወጣችለት በጓዳ ነበር። አዝማሪው ወዲያው ግጥም አወጣለት፤ «ድንቡሼ ናና» እየተባለ ሲጨፈር ዋለ። ባሏ ሦስት ቀን አኮረፈ።

ወለተ ኪዳን እሳት ለብሳ ተመለሰች። ፓስወርዱን ቀየረች፤ በሯን ዘግታ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቅጥር ክፍሉ አዲስ ሰው ሲመዘግብ ፕሮግራሙ የሥራ ክፍሉን ያነባል። «ልማት» የሚል ከሆነ፣ የሶፍትዌር ልማት ማለት ነው፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃ ወዲያው ይከፍትለታል፤ እንዲያይ እንጂ እንዳያጠፋ። ሰውየው ሲለቅ ይዘጋዋል።

«ከእንግዲህ ማንም እኔን አይለምንም፤ ማሽን እንደ ሰው አይሳሳትም» አለች ለአቶ ገዳሙ፣ ደረቷን ነፍታ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ፈንታ፣ አዲሱ አትክልተኛ፣ ጭቃ የነካው ቦቲያቸውን እንደተጫሙ ቢሮዋ ገቡ። ስልካቸውን ዘረጉላት። መልእክቱ «እንኳን ደስ አለዎት፤ የደንበኞች መረጃ ተከፍቶልዎታል» ይላል።

«ልጄ፣ የማን ቤት ነው የተከፈተልኝ?»

ወለተ ኪዳን ወደ ቅጥር ክፍሉ ሮጠች። አያ ፈንታ የተቀጠሩት ለግቢ ልማት ነው፤ መዝጋቢው «ልማት» የሚለውን አይቶ እዚያው ከትቷቸዋል። አቶ ገዳሙ ይህን ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ጽጌረዳ የሚተክል ፕሮግራመር አገኘን!»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ፕሮግራሙ ከመክፈቱ በፊት የቡድን መሪው በስልኩ አዎ ቢልስ?» አላት።

«እንደገና ሰው ላስለምን?»

«የሚለመነው ሌላ ሰው ነው እኮ፤ እርስዎ አይደሉም።»

ይህ አጽናናት። አስተካከለችው። አያ ፈንታም ፈቃዳቸው መነሣቱን ሲሰሙ «ሳላየው?» ብለው ቅር አላቸው፤ የመርጡለ ማርያምን የውሃ ሂሳብ አንድ ጊዜ አሳይታ ሸኘቻቸው።

የተስተካከለው ፕሮግራም ነባሩንም ሠራተኛ ፈትሾ ሥራው መረጃ በማይፈልገው ሰው ሁሉ ላይ ሲዘጋ አቶ ገዳሙም ተዘጋባቸው። እየተንጎራደዱ መጡ።

«እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ እኮ!»

«ፕሮግራሙ የሚያነበው የተመዘገበልዎትን ሥራ ነው።»

«ምን ተብሎ ነው የተመዘገበልኝ?»

መዝገቡን ከፍታ አየች። ባዶ ነው፤ ከተቀጠሩ ጀምሮ ማንም አልሞላውም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ምን ብዬ ልሙላልዎት?» አለቻቸው።

አቶ ገዳሙ «አንቺው የመሰለሽን ጻፊ» አሉ። «ክትትል» ብላ ጻፈችላቸው፤ ፕሮግራሙም እንዲቀበለው አደረገች፤ መረጃው ወዲያው ተከፈተላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ቀን ገብተው አላዩትም።