የአባባ አባት ስም

አያቴ አባባ ወደቡ በር ላይ ተቀምጠው ያገኙትን ሽማግሌ መርከበኛ ሁሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ወላጅ የሌለው ሕፃን አሰብ ስላወረደ መርከብ ሰምተህ ታውቃለህ?» ይሉ ነበር። ሕፃኑ እሳቸው ናቸው። ያሳደጓቸው ሰው በራሳቸው ስም ቢያስጠሯቸውም፣ የወለዳቸውን አባት ስም ሳያውቁ አረጁ።

አምና አንድ የወደብ ጸሐፊ የጣሊያን ዘመን የመንገደኞች መዝገብ አሳየን። እኔ የፈረንጅ ፊደል ማንበቤን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። የመዝገቡ የእጅ ጽሑፍ ግን የተጠላለፈ ክር ሆነብኝ።

«ምን ይላል፣ የኔ እናት?»

«ቆይ አባባ፣ እያነበብኩ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ አትቸኩይ።»

አላነበብኩም። አልቻልኩም ማለት አሳፍሮኝ አንድ ስም ከራሴ ፈጠርኩና «አባትዎ እገሌ ይባላሉ» አልኳቸው። መዝገቡን ሳሙት። ለዚያ ስም ጸሎት አስደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም መርከበኛ ጠይቀው አያውቁም። ወደቡ በር ላይ ያለው መቀመጫቸው ሳይሞቱ በፊት ባዶ የሆነው በእኔ ነው።

አርባቸው ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ጻፊ ስባል፣ እንግዳው ሁሉ ሊያደንቀኝ ነው ብዬ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ስጀምረው ግን ከዚህ ሌላ የምጽፈው እውነት አጣሁ። በቃሌ ልነግራችሁም አልደፈርኩም።

አባዬ፣ የመቃብራቸውን ድንጋይ የሚቀርጸው ሰው ነገ ይጀምራል። የአባታቸው ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ እንዲተወው ንገርልኝ።