የለቅሶው ባለቤት ማን ነው?

ከናዝሬት ወደ ቀበና

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ከናዝሬት ተነሣሁ። ጉዳዬ ሁለት ነበር። አንደኛው ለኅዳር ጽዮን እንጦጦ ማርያም ደርሼ ስለቴን ማስገባት ነው። ሁለተኛውን የሰጡኝ የትምህርት ቤታችንን መጽሔት የሚያዘጋጁት መምህር መኰንን ናቸው፤ «ከሄድሽ አይቀር ያንን የየካ ልጆች ተውኔት አይተሽ ጻፊልን» አሉኝ። የመጀመሪያውን በደስታ፣ ሁለተኛውን እያቅማማሁ ያዝኩ። ተውኔቱ የለቅሶ ነው ተብሏል፤ እኔ ባደግሁበት በቢቸና ደግሞ ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው።

ሞጆ ላይ እሸት ሽምብራ በመስኮት ይሸጣል፤ እቅፉን በስሙኒ ገዝቼ እስከ ለገሃር እየፈለፈልኩ ሄድኩ። ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ቀበና፣ እትዬ ዘሃራ ቤት። እትዬ ዘሃራ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በመምህርነት ስሠለጥን የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነበር። እስላም ቢሆኑም ጾሜን ከኔ ይበልጥ ይጠብቁልኛል።

«ድስቱም የተለየ ነው፣ ማማሰያውም የተለየ ነው። አታሽትቺ!» አሉኝ ሽሮውን ሲያቀርቡ።

ማሽተቴን አላወቅኩም ነበር፤ አፈርኩ።

ስለ ተውኔተኞቹ ጠየቅኳቸው። ሰባት ናቸው። የቀበሌ የኪነት ቡድን አይደሉም፤ የሚከፍላቸውም የለም። አንዷ ጽጌ የምትባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ ስትሆን፣ ዛሬ እኔ በነበርኩበት ክፍል የምትከራየው እሷ ናት።

«አምና ‹ሰልፍ› የሚል አሳይተውን ነበር» አሉ እትዬ ዘሃራ። «የስኳር ሰልፍ ነው እንግዲህ። ስቀን ስቀን አለቅን። በሩ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ወላሂ፣ ሁላችንም አንድ በአንድ ተሰልፈን ወጣን! ያወቅነው ውጭ ስንደርስ ነው።»

ስለ ቴአትር ብዙ ውዳሴ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አልገጠመኝም።

እንጦጦ

እሑድ ሌሊቱ ሳይነጋጋ ከጽጌ ጋር እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ወጣን። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። እሷ እንደ ሚዳቋ ስትቀድመኝ እኔ «በእመቤቴ፣ ቆዪ!» እያልኩ ደረስኩ። አስቀድሰን፣ ስለቴን አስገብቼ፣ ስንወርድ ከባሕር ዛፉ ሥር አረፍ አልን።

«አንቺስ ምን ተሳልሽ?» አልኳት።

«የተውኔታችን ለቅሶ እንዳትቆረጥ።»

ነገሩን ዘረገፈችልኝ። አዳራሹ የቀበሌው ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ በየነ «ይህ የሥራ ዘመን እንጂ የለቅሶ ዘመን አይደለም» ብሏል። ዛሬ መጥቶ ያያል፤ ካልተዋጠለት ወይ ለቅሶዋ ትወጣለች፣ ወይ አዳራሹ ይዘጋባቸዋል።

«ብትወጣስ? ቀሪው አይበቃም?»

«ቀሪውማ ሰው ሲሸሽ ነው፣ እትዬ አስካለ። የሚመለሰው በለቅሶዋ ነው።»

«ሰው ሳይሞት ማልቀስ ግን ሟርት አይሆንባችሁም?»

ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አነሣች። «የኛይቱ ሟች ልብ ወለድ ናት። ሞተው ያልተለቀሰላቸው ግን የሉም?»

የሚሰማን ሰው እንዳለ ዙሪያዬን አየሁ። ባሕር ዛፉ ብቻ ነው። ተነሥቼ ነጠላዬን አራገፍኩ።

የካ ሚካኤል፣ ከሰዓት በኋላ

አዳራሹ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከእትዬ ዘሃራ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ጓድ በየነ ከፊት ወንበር እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ የሰፈሩ ልጅ ነው።

የተውኔቱ ስም «የማን ደጅ?» ነው። ከሩቅ አገር የመጣች ልብስ አጣቢ በተከራየችበት ክፍል ሞታለች። ዘመድ የላትም። ጎረቤቶቿ ድንኳኑ በማን ደጅ ይተከል ብለው ይጨቃጨቃሉ። መድረኩ ላይ ያለው አንድ ሳፋና ልብስ ሞልቶ የተሰጣበት ገመድ ብቻ ነው። ሟቿን አናያትም። እያንዳንዱ ጎረቤት ይመጣና «እኔ እምብዛም አላውቃት» እያለ የገዛ ልብሱን ከገመዱ ላይ አውርዶ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳቅን። ገመዱ እየተራቆተ ሲመጣ ሳቁ አነሰ። ባዶ ሲቀር የሚስቅ አልነበረም። አንድም ቃል ሳይጨምሩ፣ በገመድ ብቻ፣ የአንዲት ሴት ብቸኝነት ምን ያህል እንደሆነ አሳዩን። ይህን የመሰለ ዝግጅት ትልቁ መድረክ ላይም አላየሁም። የቤት አከራዩ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ጩኸት አብዝቷል፤ እሱን ቢያርም መልካም ነው።

እኔ ግን ገመዱን ሳይ ናዝሬት ያለችው ክፍሌ ታየችኝ። ከቢቸና ማን ይደርስልኛል?

ያን ጊዜ ከጎረቤቶቹ አንዷን የምትጫወተው ጽጌ ተመልሳ መጣች፤ ከገመዱ ያወረደችውን ልብሷን ይዛለች። ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወረደችው፦

አገሯ ሩቅ ነው፣ ወንዝ አለ በመሃል፤
ልብሳችንን ያጠበች፣ ለሷ ማን ያለቅሳል?

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጓድ በየነ ጉሮሮውን ጠራረገና ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አበቃላቸው አልኩ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ትልቅ ሳህን በነጠላ ሸፍነው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው ገቡና ቆሙ።

«የለቅሶው ባለቤት ማን ነው?» አሉ።

የተውኔቱ አካል መሰለን። አልነበረም። አሮጊቷ፣ እማማ ወለቴ፣ ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ ናቸው። ትናንት የልምምዱን ለቅሶ ሰምተው፣ የሰፈሩ ሰው ሞተ ብለው ንፍሮ ቀቅለው መጡ።

ጽጌ ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ ተነሣች። «እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፤ እግሬ ነው።»

ሳህኑን ተቀብላ፣ ገጸ ባሕርይዋን ሳትለቅ፣ ከመድረኩ ወርዳ ታዞር ጀመር። የመጀመሪያው ወንበር የጓድ በየነ ነበር። ለቅሶ ቤት የቀረበ ንፍሮ አይመለስም። ጭብጥ አድርጎ ወሰደ፣ ወደ አፉ ሰደደ፣ አንገቱን ደፍቶም እንደ ልማዱ «ነፍስ ይማር» አለ።

 በየስብሰባው ነፍስ የለም የሚለው ሊቀመንበር ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር ነፍስ አሉ!» አሉ እትዬ ዘሃራ ከኋላ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። እሱም ጥርሱን ነክሶ ነክሶ በመጨረሻ ሳቀ። አፉን በመሐረብ ጠርጎ «እንግዲህ ንፍሮውን ከበላሁ በኋላ ለቅሶ የለም ልል ነው?» አለ። «ለሳምንቱም ይታይ። ያ ጯሂው ግን ድምፁን ይቀንስ።»

በዚህስ ከጓድ በየነ ጋር ተስማማን።

እማማ ወለቴን ነገሩ ልብ ወለድ መሆኑን በስንት መከራ አስረዷቸው። «ታዲያ አጣቢዋ አገሯ የት ነበር?» አሉ ሲወጡ።

መልስ

ሰኞ ናዝሬት ገባሁ። ከድርሻዬ የተረፈችውን ጭብጥ ንፍሮ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ሟርት ነው ብዬ የፈራሁት፣ ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲያዝን የሚያደርግ ሥራ ነው። ይህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም የምንማረው ነው።

መምህር መኰንን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኙኝ። «እህስ፣ ተውኔቱ እንዴት ነበር?»

ቋጠሮዬን ፈትቼ ዘረጋሁላቸው። ንፍሮ መሆኑን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጥቂት ፍሬ አንሥተው ቀመሱ።

«ነፍስ ይማር። ማን ሞተብሽ፣ አስካለ?»

«አንዲት ልብስ አጣቢ።»

«ዘመድሽ ነበረች?»

መዋሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። አሰብኩበትም።

«አዎ» አልኳቸው።