በሚያዝያ ዝናብ ወደ ጎሪላዎቹ

ሪቻርድሰን፣ ማለዳ

ገና ሳይነጋ ሻንጣ እየጫንኩ አጉረመርማለሁ። እናቴ የዳቦ ቆሎ ፌስታሏን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣለች። ከምንኖርበት ፈረንጅ አገር ኡጋንዳ ልንሄድ ነው፤ የተራራ ጎሪላ ለማየት። በቴሌቪዥን አንዲት እናት ጎሪላ ልጇን ስታቅፍ ካየች ወዲህ "እሷን በዓይኔ ሳላይ አልሞትም" ብላ ይዛናለች።

ወሩንም የመረጠችው እሷው ናት። "ሐምሌና ነሐሴማ ክረምት ነው፤ በሚያዝያ ይሁን" አለችኝ፤ አምኜ ትኬት ቆረጥኩ። ወይ ጉድ! ለካ እዚያ ሐምሌ ደረቅ ነው፤ ዶፉ የሚወርደው በሚያዝያ ነው። በአገሯ ክረምት ኡጋንዳን ለክታልኝ ቁጭ!

"እማዬ፣ ጭቃው ያንሸራትትሻል። ወደ ሐምሌ ላዙረው?"

"ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተ ልጅ።"

ኧርቪንግ

ሀይዌዩ ገና አልተጨናነቀም። እህቴ ሰላም የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ፣ ከነዩኒፎርሟ፣ አብራን ልትሄድ ከምትሠራበት ሆቴል በር ላይ ትጠብቀናለች። እዚሁ ፈረንጅ አገር ነው ያደገችው። ገና በሩን ሳትዘጋ ጀመረች።

"ሶ፣ ማሚ፣ ቼክ አደረግኩ፤ ጁላይ በጣም ቤተር ነው። ማለቴ፣ ብትወድቂስ? ኮል ላድርግና ቼንጅ ያድርጉልን፣ ኦኬ?"

እማዬ እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ራሷ ዘጋችው።

"ሐምሌ ደረቅ መሆኑን አውቃለሁ" አለች። "የዓይኔ ብርሃን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ፣ ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አታዘግዪ ብሎኛል። ብነግራችሁ በለቅሶ ትፈጁኛላችሁ ብዬ ነው በክረምት ያሳበብኩት።"

ዩለስ

ክው አልኩ። የኤርፖርቱን መታጠፊያ አልፌ ዩለስ ገብቻለሁ። አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ ፓርክ አደረግኩ። ሰላም ከኋላ ሆና የእማዬን አንገት አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። እኔንም ያን ሁሉ ሳምንት ስነዘንዛት መክረሜ አንገበገበኝ።

"ይኸው! ያልኩት አልቀረም" አለች እማዬ፣ ለሁለታችንም ዳቦ ቆሎ እያስጨበጠች። "በሉ ብሉ። አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄዳል።"

ብዊንዲ ጫካ፣ ኡጋንዳ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው መሪያችን ደግፈናት ዳገቱን እንወጣለን። ሁለቴ ተንሸራተተች፤ ሁለቴም ሳቀች።

ደግነቱ ጎሪላዎቹ ሩቅ አልሄዱም። አንዲት እናት ጎሪላ ቅጠል ሥር ተቀምጣ፣ ዝናብ እንዳይነካው ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። እማዬ መነጽሯን በሻርፗ ጠርጋ ብዙ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰላም አዞረች፤ ቀጥሎ ወደ እኔ። ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ወደዚያ እዪ እንጂ! የተፈቀደልን አንድ ሰዓት እያለቀ ነው" አልኳት በሹክሹክታ።

"እሷንማ አየኋት" አለች፣ በእርጥብ እጇ ጉንጬን ይዛ። "አሁን እናንተን ልያችሁ።"