የማያስቸግሩት በሽተኛ

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት መተማ ቆላ ነው። ሆስፒታሉን በስሙ አልጠራውም፤ እዚያ የሠራ ያውቀዋል፣ ያልሠራም ባያውቀው አይጎዳም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ገና ጋዋኔን ቆልፌ ሳልጨርስ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍልን አዞሩኝ። በየአልጋው ግርጌ እየቆሙ ቁስሉ የሚጠረግለት ማን እንደሆነ፣ መርፌ ያለበት ማን እንደሆነ ነገሩኝ። መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ስንደርስ ግን አልቆሙም።

እዚያ የተኙት ከገለጉ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሯል። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በገመድ ተስቧል፤ በገመዱ ጫፍ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ከአልጋው ግርጌ ተንጠልጥሏል። ትራክሽን ይባላል፤ የተሰበረው አጥንት እንዳይንሸራተት እግሩን ይዞ ይጎትታል። ምን ላድርግላቸው ብዬ ስጠይቅ፣ ሲስተር አስካለ እረፍት ላይ ስለሆኑ እንዳልነካካቸው ነገሩኝ። ታዛዥ ነበርኩ፤ አልነካካኋቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት ከወገባቸው በታች ያለው ቆዳ ጠቁሮ ተከፈተ። ቀጥሎ ማሳል ጀመሩ፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ ከዚያ አረፉ። ሲስተር የሞታቸውን ምክንያት "እርጅና ብለህ ጻፍ" አሉኝ፤ ጻፍኩ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እርጅና በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰው ጀርባ አይቀድም። ሰውየውን የገደላቸው ሳይገላበጡ በጀርባቸው መክረማቸው ነው፤ ያስተኛናቸው ደግሞ እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ዳሌያቸው የተሰበረ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በእጄ አልፈዋል። ስብራቱ ራሱ የገደለው ሰው አላየሁም ማለት እችላለሁ። የሚገድለው ከስብራቱ በኋላ የሚመጣው ነው። በጀርባው ብቻ የሚተኛ ሰው ሳምባው በደንብ አይከፈትም፣ የሳምባ ምች ይይዘዋል። የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳምባ ከገባ ለመጣራት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ጀርባ ይቆስላል። ምግብ ይጠላል። አእምሮ ይዛባል።

መድኃኒቱ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ቶሎ መነሳት ነው። የአጥንት ቀዶ ሕክምናው ግን ያለው ጎንደር ነው። ሰውየው እስኪላክ ድረስ ግን በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን በትራስ ማዘንበል፣ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በረጅሙ ማስተንፈስ፣ ደህናውን እግር ማንቀሳቀስ፣ ማብላት፣ ማጠጣት የነርስ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ማሽን አይፈልግም፣ ሰው ይፈልጋል። የሰሊጥ አጨዳና ወባ በአንድ ላይ ሲመጡ ግን ለአንድ ክፍል ሙሉ አንድ ነርስ ነበርን። ጠያቂው በበኩሉ እየገባ "አይነሱ አባቴ፣ ይረፉ" ይላል። ለማክበር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ስንቱን እንዲህ እያከበርን ቀበርነው።

አያ ጓንጉል የመጡት በእንዲህ ያለ የአጨዳ ሰሞን ነው። ከጋይንት በልጅነታቸው ወርደው ሽንፋ አካባቢ ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰሊጥ የሚራገፍበት ሸራ ጫፉ እግራቸውን ጠልፎ ጣላቸው። ከቁመታቸው የማይበልጥ አወዳደቅ ስለሆነ ቤተሰቡ ወለምታ መሰለው። ወጌሻ አራት ቀን አሻቸው። ሲብስባቸው በአይሱዙ ጭነው አመጧቸው። እግራቸው ማጠሩንና ጣታቸው ወደ ውጭ መዞሩን ሳይ ራጅ ሳይነሱ አወቅሁ።

ወጣቱ ሐኪማችን ጎንደር መሄድ እንዳለባቸው ጻፈ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበርና እስኪከፈት ትራክሽን ላይ አደረግናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጃቸው ማሳ ላይ ነው። አስታማሚ ሆና የቀረችው የልጃቸው ሚስት የሺ ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ከአልጋው ራስጌ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥ ነበር።

እንደ አያ ጓንጉል ያለ በሽተኛ አልነበረንም። አይጣሩም፣ አያቃስቱም። ሌላው "ነርስ፣ ፖፖ አምጣ" ሲል ጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ እሳቸው በቀን አንዴ፣ ያውም እኔ ስጠይቅ ነው። ስለ ዝናቡ፣ የቱ ማሳ ቀድሞ እንደሚደርስ ያጫውቱኝ ነበር። ተራ ስንቀያየር የርክክብ መዝገቡ ላይ በስማቸው ትይዩ "ደህና ናቸው፣ አያስቸግሩም" ብዬ እጽፍ ነበር። አምስት ቀን እንደዚያ ጻፍኩ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማራገቢያው ከተበላሸ ወራት ሆኖታል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደህና አደሩ ስላቸው አላወቁኝም። "ቦራን መልሰው እንጂ፣ ማሽላው ውስጥ ገባ" አሉኝ። ቦራ ድሮ የሞተ በሬያቸው መሆኑን ከየሺ ሰማሁ። በጣታቸው አንሶላውን ይለቅማሉ። ሲስተር አስካለን የተካው ኃላፊያችን አቶ ታደለ መጥቶ አያቸውና፣ ዕድሜ ስለሆነ ቤተሰብ ወስዶ በቤታቸው ያሳርፋቸው አለ። አልጋውም ይፈለጋል አለ።

ደሜ ፈላ። በገቡ ዕለት የሠራተኞቻቸውን ስም በየተራ ሲጠሩልኝ የነበሩ ሰው ናቸው። በአምስት ቀን ማን ያረጃል? እንደዚያው አልኩት። አቶ ታደለ ከነርስ ክርክር አይወድም፤ የመውጫ ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ እንዲዘጋጅ አዝዞ ሄደ።

ተመልሼ አያ ጓንጉልን እንደ አዲስ በሽተኛ መረመርኳቸው። ምላሳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የደረታቸውን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ተነስቶ ቀረ። ሽንታቸው ጥቂት ነው፣ እንደ ጠላ ጠቁሯል። ከአልጋው አጠገብ ያለው የውሃ ጄሪካን ግን ሙሉ ነው። የሺን ወደ በረንዳ ጠርቼ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጡ ጠየቅኋት።

"አፋቸውን ያረጥቡበታል እንጂ አይውጡትም" አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ ዶክተር? ከጠጡ ሽንት ይመጣል። ሽንት ከመጣ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ምራታቸው ነኝ፤ ፊቴን እንኳ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም።"

ዶክተር አለመሆኔን አልነገርኳትም። በዚያች ሰዓት ነርስ መባልም አይገባኝም ነበር። ሰውየው በዚያ ሐሩር ውሃ የተዉት አውቀው ነው። እኔ ደግሞ ለዚያ ዝምታቸው ምስጋና ስጽፍ ከረምኩ።

ሐኪሙን ይዤው መጣሁ። እሱም እንደ እኔ ደነገጠ፤ የመውጫ ወረቀቱን ሰርዞ ግሉኮስ አዘዘ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አያ ጓንጉል ዓይናቸው ጠራ፣ ስሜን ጠሩ። ውሃ ለምን እንደተዉ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ምራቴ ፖፖ ከምትይዝልኝ ሞቴ ይሻላል" አሉ። "አንተም ሥራ በዝቶብሃል። ምን ብዬ ላስቸግርህ?"

ይህን ያሉት ፈገግ ብለው ነው። እኔ ግን በአልጋቸው ግርጌ ቆሜ "ላስቸግርህ" ያሉት ቃል የማን እንደሆነ አወቅሁት።

ግሉኮሱ ለጊዜው ነው፤ መጠጣት አለባቸው። እንዲጠጡ ደግሞ ፖፖ የሚይዝላቸው ወንድ ያስፈልጋል፤ እኔ ብቻዬን በየሰዓቱ አልደርስም። አቶ ታደለን አንድ ወንድ የጽዳት ሠራተኛ በተወሰነ ሰዓት እንዲመድብልኝ ለመንኩት። ለአንድ ሽማግሌ ሰው አልመድብም፣ ካቴተር አስገባላቸውና ተገላገል አለኝ። ካቴተር ሽንትን በቱቦ ያወጣል፤ ቀናት ሲቆይ ደግሞ ኢንፌክሽን ያስገባል። መገላገሉ ለእኛ እንጂ ለእሳቸው አልነበረም። ይህንንም ነገርኩት። ምላስህ ረዘመ አለኝ።

ለልጃቸው ስልክ ደወልኩ። ትራክተር ሲጮህ ይሰማኛል። "ሰሊጡ አፉን ከፍቷል" አለኝ፤ "ዛሬ ካላጨድኩት ይረግፋል። የዓመት ጉሮሯችን ነው።" አልዋሸም። የደረሰ ሰሊጥ አንድ ቀን አይታገስም። አባቱም አንድ ቀን እንደማይታገሱ ስነግረው መስመሩ ተቋረጠ። በእሱ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ደግሞ በእሱ መናደድ በራሴ ከመናደድ ይቀልለኝ ስለነበር ነው።

ነገሩን የፈታው አጠገባቸው የተኛው አስማረ ነው። አስማረ ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ ሳሉግ ነው፤ የቀን ሠራተኛውን ቆላው እንደዚያ ይለዋል። ማጭድ ግራ እጁን ክፉኛ ቆርጦት ተሰፍቶ ተኝቷል። ስልኩን ስዘጋ ሰምቶኛል።

"እረግ፣ ይህ ነው ወይ ያስጨነቀህ?" አለኝ። "ፖፖ ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃል።"

አያ ጓንጉል መጀመሪያ እንቢ አሉ። አስማረ በጎጃምኛ አነጋገሩ አገር ቤት ስለተዋቸው ስለ ራሱ አባት ያጫውታቸው ጀመር፤ በዚያው ብርጭቆውን አስያዛቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰዓት ይጠጣሉ፣ በሰዓት ይሸናሉ። ጎናቸውን ሳዘነብል አስማረ በደህና እጁ ያግዘኛል። የሺ ፖፖው ሲመጣ ወደ በረንዳ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ሾርባ ይዛ ትመለሳለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯንም ተወች።

በዚያው ሰሞን የርክክብ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ባልገልጠው ይሻል ነበር። በራሴ ጽሕፈት "አያስቸግሩም" የተባሉ፣ ዳሌያቸው የተሰበረ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች አገኘሁ። አንዳቸውም በእግራቸው አልወጡም። ውሃ ይጠጡ እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅሁም ነበር። መዝገቡን ለአቶ ታደለ ወስጄ አሳየሁት። ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሃል አለኝ። እነሱ ያለፉት በእኛ እጅ ነው ብዬው ወጣሁ።

መንገዱ ተከፈተ፤ አያ ጓንጉል በአምቡላንስ ጎንደር ሄዱ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ቆላው ጨርሶ በሚነድበት በመጋቢት፣ ለክትትል ከልጃቸውና ከየሺ ጋር መጡ። በብረት መደገፊያ ነው የሚሄዱት። ቀጥነዋል፣ አንዱ እግራቸው ትንሽ አጥሯል፣ ቤት ውስጥ ደፍ በተሻገሩ ቁጥር እንዳይወድቁ ይፈራሉ። ፍርሃቱ ራሱ አልጋ ላይ እንዳያውላቸው በየቀኑ እንዲራመዱ ነገርኳቸው።

ልጃቸው አመሰገነኝና አባቱ ዕድለኛ መሆናቸውን ተናገረ። ተናደድኩ። አንድ ሳሉግ እጁን በማጭድ ባይቆርጥና አጠገባቸው ባይተኛ ኖሮ ሞተው ነበር። የሰው ሕይወት በዚህ ላይ ከተንጠለጠለ ዕድል አይባልም፣ ሥራችንን አልሠራንም ማለት ነው። ይህን በፊቱ ተናገርኩ። ሰውየው የተቆጣሁት በእሱ መሰለው።

አያ ጓንጉል ግን ውሃ ለመኑኝ። አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሁለተኛ ጠየቁ። ትንሽ ቆይተው ተነሱና መደገፊያቸውን ይዘው፣ ግቢውን አቋርጠው ብቻቸውን ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። ልጃቸው ሊደግፍ ሲነሳ የሺ እጁን ይዛ አስቀመጠችው። በዚያ ፀሐይ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሁላችንም ባለንበት ሆነን ጠበቅናቸው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ዝም ስላለ ደህና ነው ብላችሁ አትጻፉ። የጠጣውን በብርጭቆ፣ የሸናውን በሰዓት መዝግቡ። ፖፖውን ማን እንደሚይዝለት ደግሞ በገባበት ቀን እሱን ራሱን ጠይቁት።